መብራቱን ማጥፋት ጥገና አይደለም

በአዲስ አበባ ጋራዦች አንድ የተለመደ አገልግሎት አለ፤ «ኮድ ማጥፋት» ይባላል። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ የሞተር ምስል ይበራል፤ ቼክ ኢንጂን የሚባለው። ባለመኪናው ይደነግጥና ወደ ጋራዥ ይሄዳል። ባለሙያው ከመሪው ሥር ባለችው መሰኪያ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ይሰካል፣ ሁለት ሦስት ቁልፍ ይነካል፣ መብራቱ ይጠፋል። ሒሳብ ይከፈላል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው መብራት ያው ቦታ ላይ ተመልሶ ይበራል።

መኪና ያለው ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ ብዙው ይስቅበታል። ነገር ግን በዚህች መብራት ዙሪያ ሦስት ከባድ ነገሮች አሉ፦ የቤተሰብ ገንዘብ፣ የከተማ አየርና የባለሙያ ክብር። ሦስቱንም የሚጎዳው አንድ ልማድ ነው። ለዕቃ ይከፈላል፣ ለጉልበት ይከፈላል፣ መብራት ለማጥፋትም ይከፈላል። ችግሩ ምን እንደሆነ አጣርቶ ለሚነግር ሰው ግን የሚከፍል እምብዛም የለም። የማይከፈልበት ሥራ ደግሞ አይሠራም።

አሮጌዎቹ የትም አይሄዱም

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ዜናው በውጭ መገናኛ ብዙኃን ሳይቀር ተዘዋወረ፤ የኤሌክትሪክ መኪኖችም በከተማዋ ጎዳናዎች መታየት ጀመሩ። የውሳኔው ዓላማ ለውጭ ምንዛሪም ለአየሩም የታሰበ ነው ተብሏል።

ይሁንና ክልከላው የሚመለከተው በር ላይ ያለውን ነው። ቀድሞ ግቢ የገባውን አይነካም። ይህን ለመረዳት በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በጌጃ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ዳር የቆሙትን መኪኖች መቁጠር ይበቃል። እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ሁሉ እዚያም ቪትዝ፣ ኮሮላና ያሪስ ይበዛሉ። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ነው። ከመካከላቸው የመጨረሻዋ እንኳ ሃያ ዓመት ደፍናለች።

እነዚህ መኪኖች በሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ተጨፍልቀው ብረት በሆኑ ነበር። እዚህ ግን የቤተሰብ ሀብት ናቸው። ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ማታ ማታ በራይድ ይሠራሉ፣ ሲቸግር ይሸጣሉ። በሚተካቸው አዲስ መኪና ዋጋና በባለቤቶቻቸው ገቢ መካከል ያለው ርቀት ሲታይ ገና ብዙ ዓመት እንደሚነዱ ግልጽ ነው። ስለዚህ ስለ ንጹሕ አየር የሚወራው ወሬ ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ከሆነ ግማሹን ታሪክ ይዘላል። ሌላው ግማሽ ያለው ከአሮጌዋ ቪትዝ ዳሽቦርድ ላይ ነው።

መብራቱ ምን እያለ ነው?

ብዙ ሰው ቼክ ኢንጂን ሲበራ «ሞተሩ ሊወድቅ ነው» ብሎ ይረዳዋል። አንዳንዴ እውነት ነው። መብራቱ በመላው ዓለም የተስፋፋው ግን በሌላ ምክንያት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአገሯ የሚሸጡ የቤት መኪኖች ሁሉ ኦቢዲ-2 የሚባለውን የራስ ምርመራ ሥርዓት እንዲይዙ አስገደደች። የአውሮፓ ኅብረት ለቤንዚን መኪኖች እ.ኤ.አ. በ2001 ተከተለ። ሁለቱም ሕጎች የወጡት ከጭስ ማውጫ የሚወጣውን መርዝ ለመቆጣጠር ነው። በአሜሪካው ደንብ መብራቱ እንዲበራ የሚጠበቀው በአብዛኛው ብክለቱን ለዚያ መኪና ከተፈቀደው 1.5 እጥፍ በላይ ሊያደርስ የሚችል ብልሽት ሲገኝ ነው።

በሌላ አነጋገር መብራቱ ከሹፌሩ ይልቅ ስለ ጎረቤቱ ይናገራል። መንገድ ዳር ቆሎ ስለምትሸጠው እናት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስለቆመው ተማሪ፣ መስኮቱ ወደ አስፋልት ስለሚከፈተው ቤት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ ጣሪያውን በአንድ ሜትር ኩብ ከ10 ማይክሮግራም ወደ 5 ያወረደው ያለ ምክንያት አይደለም። ትንሽ የሚባለው መጠንም ሳንባና ልብን እንደሚጎዳ መረጃው ስለተከማቸ ነው።

መብራቱ ሲበራ ኮምፒውተሩ አንድ ኮድ ይመዘግባል። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያስከስር ስህተት ይፈጠራል። ኮዱ የትኛው ፈተና እንደወደቀ ይናገራል እንጂ የትኛው ዕቃ እንደሞተ አይናገርም። ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ትኩሳቱ 39 ሆኖ ቢገኝ ቴርሞሜትሩ «ወባ ነው» አላለም፤ ታይፎይድም ሊሆን ይችላል። ከቴርሞሜትሩ ተነስቶ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም እንደማይታመን ሁሉ፣ ከኮዱ ተነስቶ ዕቃ የሚያዝ መካኒክም ሊታመን አይገባም።

የፒ0420 ነገር

በአሮጌ መኪኖች ላይ በብዛት ከሚታዩት ኮዶች አንዱ ፒ0420 ነው። ትርጉሙ «ካታሊስቱ የሚጠበቅበትን ያህል አያጣራም» ነው። ካታሊስት በሞተሩና በማርሚታው መካከል የሚገኝ፣ ውስጡ እንደ ማር ሰፈፍ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳ አካል ነው። ግድግዳዎቹ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተቀቡ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ነዳጅንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ተቀብሎ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ናይትሮጅን ይለውጣል።

ከካታሊስቱ በፊትና በኋላ አንዳንድ የኦክስጅን ሴንሰር አለ። በብዙ አሮጌ መኪኖች የፊተኛው ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ባለው መካከል ቶሎ ቶሎ ይወጣል ይወርዳል። ካታሊስቱ ጤነኛ ከሆነ የኋለኛው ሴንሰር ረጋ ይላል። የኋለኛው የፊተኛውን እየተከተለ መዝለል ከጀመረ ኮምፒውተሩ ፒ0420 ይጽፋል።

አሁን ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ወዲያው ካታሊስት መቀየር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋ ምን እንደደረሰ ሶማሌ ተራ የሄደ ሁሉ ያውቃል። ሁለተኛው መንገድ ካታሊስቱን ቆርጦ ማውጣትና በባዶ ቱቦ መተካት ነው። በውስጡ ያሉት ማዕድናት ውድ ስለሆኑ ገዢ አያጣም፤ ባለመኪናው ግን ያልተጣራ ጭስ እየለቀቀ ይቀጥላል፣ መብራቱም አይጠፋም።

ሦስተኛው መንገድ ምርመራ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ የጭስ መስመሩ ከሴንሰሮቹ አካባቢ የተሰነጠቀ ወይም ጓርኒሲዮኑ የተበላ መሆኑ ይታያል፤ ከውጭ የሚገባ አየር ሴንሰሩን ያሳስተዋል። ቀጥሎ ሌላ ኮድ አብሮ መኖሩ ይጣራል። ከፒ0300 እስከ ፒ0304 ያሉት ሲሊንደር በአግባቡ እንደማያቃጥል የሚናገሩ ኮዶች ካሉ መጀመሪያ የሚታዩት ካንዴላውና ቦቢናው ናቸው። ያልተቃጠለው ነዳጅ ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚነድ ሴራሚኩን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት ይበላ እንደሆነ ይጠየቃል። ከዚያ የሁለቱ ሴንሰሮች ንባብ ሞተሩ እየሠራ ይታያል። ካታሊስቱ የሚወነጀለው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አዲስ ካታሊስት ገጥሞ የደከመችውን ቦቢና የተወ ሰው አዲሱንም ያቃጥለዋል። ቦቢናዋን በጊዜ የቀየረ ግን አሮጌውን ካታሊስት ሊያድን ይችላል። በነገራችን ላይ መብራቱ እየነዱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ካታሊስቱ በዚያው ቅጽበት እየተጎዳ ነው ማለት ነው፤ ነዳጅ መርገጫውን ለቅቆ በቶሎ ጥግ መያዝ ይገባል።

ሴንሰሩ መልእክተኛ ነው

ሌላው ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት ኮድ ፒ0171 ነው። ትርጉሙ ሞተሩ ውስጥ ከነዳጁ አንጻር አየር በዝቷል ማለት ነው። ቤንዚን በአግባቡ የሚቃጠለው ለ1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲደርሰው ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ሚዛን ለመጠበቅ ነዳጅ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ጭማሪው 20 ወይም 25 በመቶ አካባቢ ደርሶ ሚዛኑ አልስተካከል ሲል ኮዱን ይጽፋል።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው የኦክስጅን ሴንሰር መቀየር ነው። ሴንሰሩ ግን ያየውን የተናገረ መልእክተኛ ነው። ጥፋቱ የተሰነጠቀች የአየር ቱቦ፣ አቧራ የሸፈነው የአየር መለኪያ፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። ለይቶ ለማወቅ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። የኮምፒውተሩ ጭማሪ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ከፍ ብሎ፣ ሞተሩ ወደ 2500 ዙር ሲወጣ የሚወርድ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ አየር ቀዳዳ ያመዝናል። ጭነት ሲበዛበት የሚብስ ከሆነ ደግሞ ወደ ነዳጅ አቅርቦቱ ይታያል። ይህን ለማየት የሚፈጀው ጊዜ ቡና ከመጠጣት አይበልጥም፤ የሚያስፈልገው ንባቡን የሚያሳይ መሣሪያና የሚረዳው ሰው ነው።

ተቃራኒው ፒ0172 ነው፤ ነዳጅ ሲበዛ። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር ባለፈበት ከተማ ይህን ኮድ እያጠፉ መንዳት ገንዘብን በማርሚታ መልቀቅ ነው።

ኮድ ሲጠፋ ማስረጃም ይጠፋል

ኮድ ማጥፋት ምንም የማይጎዳ ነገር ይመስላል። ኮምፒውተሩ ግን ብልሽቱን ሲመዘግብ የዚያን ቅጽበት ሁኔታም አብሮ ያስቀምጣል፦ መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ ነበር፣ ሞተሩ ምን ያህል ሞቆ ነበር፣ ስንት ዙር ላይ ነበር፣ ምን ያህል ጭነት ነበረበት። ብልሽቱ የሚመጣው ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ወይስ ዳገት ላይ የሚለውን የሚመልሰው ይህ መዝገብ ነው። ኮዱ ሲጠፋ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። ቀጣዩ መካኒክ ከዜሮ ይጀምራል፣ ባለመኪናው ደግሞ እንደገና ይከፍላል።

ሌላም ነገር አለ። አሮጌ ጃፓን ሠራሽ መኪኖች፣ በተለይ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት፣ ከርካሽ የስልክ ማንበቢያ ጋር ሁልጊዜ አይግባቡም። መሣሪያው «ኮድ የለም» ወይም «አልተገናኘም» ሲል መኪናው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ቋንቋው አልተሰማም ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ የቀደሙት ቶዮታዎች ጭራሽ ማንበቢያ ሳይፈልጉ፣ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ የመብራቱን ብልጭታ በመቁጠር ይነበባሉ፤ 21 ሲሆን የኦክስጅን ሴንሰር መስመር ማለት ነው። ይህን የሚያውቁ አንጋፋ መካኒኮች በከተማዋ አሉ። እውቀታቸው ግን ዋጋ አልወጣለትም።

ቦሎ ላይ የሚጀምር መፍትሔ

ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ የሚያስገድደው አዋጅ ቁጥር 681 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ቦሎ የሚለጠፈውም ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር በሁሉም የምርመራ ጣቢያ ሳይዘለል መታየቱ ነው።

አንደኛው መሣሪያ እንኳ አይፈልግም። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ሲከፈት የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ከመጀመሪያውም ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም አንድ ሰው ነቅሎታል። ይህን ማየት የሦስት ሰከንድ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ኮምፒውተሩን ማንበብ ነው። ኮድ ሲጠፋ መኪናው በራሱ ላይ የሚያካሂዳቸው ፈተናዎች በሙሉ «ያልተጠናቀቀ» ተብለው እንደገና ይጀምራሉ። እነሱን ለማሟላት ደግሞ የተለያየ ዓይነት ጉዞ ያስፈልጋል፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ኮድ አስጠፍቶ ከሰዓት ለምርመራ የመጣ መኪና ራሱን ያጋልጣል። በአሜሪካ የፌዴራሉ መመሪያ ለ2001 እና ከዚያ በኋላ ላሉ ሞዴሎች ከአንድ በላይ ያልተጠናቀቀ ፈተና ያለውን መኪና አያሳልፍም።

ማጭበርበርን በተመለከተ የውጭውን ማድነቅም አያስፈልግም። ቮልስዋገን በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን በሚሆኑ የናፍጣ መኪኖች ውስጥ ምርመራ ላይ መሆናቸውን የሚለይና ያን ጊዜ ብቻ ጭሱን የሚቀንስ ፕሮግራም ማስገባቱ የተጋለጠው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። እነሱ በመሐንዲስ ያደረጉትን እዚህ በሁለት ደቂቃ ቁልፍ በመንካት ይደረጋል። ሁለቱም መኪናው ለመርማሪው እንዲዋሽ ማድረግ ነው።

«ደሃውን አትጫኑት»

ትልቁ ተቃውሞ ከዚህ ይመጣል፤ ሊናቅም አይገባም። በአንዲት አሮጌ መኪና አምስት ሰው የሚያስተዳድር ሹፌር «ካታሊስትህ አልሠራም፣ ቦሎ የለህም» ቢባል ሥራው ያበቃል። ስለዚህ ግዴታው በአንድ ጊዜ ሊወርድ አይገባም። በመጀመሪያው ዓመት ንባቡ ታትሞ ለባለመኪናው ይሰጠው እንጂ አያስከልክለው። በቀጣዩ የመጠገኛ ጊዜ ይሰጠው። ነገር ግን ደሃውን አሁን እያደኸየው ያለው ምርመራ ሳይሆን የምርመራ አለመኖር መሆኑም መነገር አለበት። ሦስት ጊዜ ኮድ ያስጠፋ፣ አንድ ጊዜ ያልሞተ ሴንሰር የቀየረ ሰው የከፈለው ድምር ከአንድ ትክክለኛ ምርመራ ይበልጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፍታውን ይመለከታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡራተር ያላት አሮጌ ዲኤክስ እዚህ ነዳጅ ቢበዛባት አይገርምም። ኮምፒውተር ያላት መኪና ግን ልዩነቱን ለክታ ነዳጁን ታስተካክላለች። ለዲኤክስ የሚሠራው ሰበብ ለቪትዝ አይሠራም።

ሦስተኛው «ዋናው ጥቁር ጭስ የአሮጌ ሚኒባስና የጭነት መኪና ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። ኮምፒውተር የሌላቸው የናፍጣ ሞተሮች የሚፈተኑት በጭስ መለኪያ እንጂ በኮድ አይደለም፤ እነሱም ቸል ሊባሉ አይገባም። ቢሆንም ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። የማይታየው ጭስ ከሚታየው ያነሰ ወንጀለኛ የሚመስለው ለዓይን ብቻ ነው።

ለውጥ አይቻልም የሚል ካለ የእርሳስን ታሪክ ያስታውስ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው በ2006 መጀመሪያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ከገበያ አስወጡ፤ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች። ዓለም በሙሉ ያበቃው አልጄሪያ በ2021 ስታቆም ነው። እርሳስ ካታሊስትን ይገድል ነበር። ካታሊስት በዚህ ከተማ እንዲሠራ የሚያስችለው ትልቁ ሥራ ከተጠናቀቀ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ በኋላ ካታሊስቱን ቆርጦ መሸጥ የተከፈለበትን ዕድል መጣል ነው።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ጋራዦች የምርመራ ዋጋን ከዕቃና ከጉልበት ለይተው ይለጥፉ። ባለመኪናው ባይጠግንም ለምርመራው ይክፈል፤ በምትኩ የተጻፈ ውጤት ይቀበል። ይህ ሲሆን መካኒኩ ገቢ ለማግኘት ዕቃ ማስቀየር አይኖርበትም፤ እውነቱን መናገርም ያበላዋል።

የሙያ ትምህርት ቤቶች ከመፍታትና ከመግጠም እኩል ንባብ ማገናዘብን ያስተምሩ። ከጌጃ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ያለው ተግባረ ዕድ ለዚህች ከተማ ትውልድ ትውልድ መካኒክ ያፈራ ተቋም ነው። የዛሬው ሠልጣኝ መፍቻ ብቻ ይዞ ቢወጣ ግማሽ ሙያ ይዞ ወጣ ማለት ነው።

መንግሥት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ጽፏል። ይህ መብት የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ለቻለ ሰፈር ብቻ የተጻፈ አይደለም። ቦሎ መስጫው ላይ የምትነበብ አንዲት ኮድ ይህን አንቀጽ ከወረቀት ወደ መንገድ ታወርደዋለች።

ባለመኪናውም የድርሻው አለው። ማንም ሰው ኮዱን ከመንካቱ በፊት ቁጥሩንና አብሮት የተመዘገበውን ንባብ በስልኩ ፎቶ ያንሳ። ከዚያ «ስንት ታጠፋልኛለህ?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «ምን አገኘህ? በምን አረጋገጥክ?» ብሎ ይጠይቅ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያለው መካኒክ ገንዘቡ ይገባዋል። መልስ ለሌለው ግን መብራቱ እንደበራ ይቆይ፤ ቢያንስ እውነቱን እየተናገረ ነው።